ተራራውን ማን ይጠብቀዋል?

(በአውሮራ፣ ኮሎራዶ ለኢትዮጵያውያን ወላጆችና ወጣቶች በተዘጋጀ የቅዳሜ ምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂው ብዙም ሳይነካ የተጻፈ ነው።)

እንደምን አመሻችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ሥራ ውላችሁ ሳታርፉ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ። ኑ ተቀመጡ። የዛሬው ንግግሬ በተለይ ለእናንተ ነው።

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ "ስለ ሰመር ሥራሽ ንገሪያቸው" ነው ያሉኝ። ሥራዬ በሮኪ ተራሮች ላይ፣ ኢንዲያን ፒክስ በሚባለው ዊልደርነስ ውስጥ የሬንጀር፣ ማለትም የዱር ጠባቂ፣ ኢንተርን (ተለማማጅ) መሆን ነበር። ቦታው ከዚህ አዳራሽ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። እስቲ እጃችሁን አንሱልኝ፤ ስንቶቻችሁ ሄዳችሁበታል? አያችሁ? በጣም ጥቂት ነን። ጠዋት ወደ ሥራ ስትነዱ ከፊታችሁ የሚታየው፣ በረዶ የለበሰው ሰንሰለት ግን እሱ ነው። በየቀኑ እናየዋለን፤ አንሄድበትም።

ሦስት ነገር ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ ዊልደርነስ የሚባለው ቦታ ምን ዓይነት ቦታ ነው? ሁለተኛ፣ ሬንጀር እዚያ ምን ይሠራል? ሦስተኛ፣ እኛን ሐበሾቹን ምን አገባን? እዚህ ያመጣኝ ሦስተኛው ነው፤ ግን በቅደም ተከተል ልሂድ።

ከቦታው ልጀምር። አሜሪካ ውስጥ ብሔራዊ ፓርክ አለ፣ ብሔራዊ ደን አለ። ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ በሕግ ለብቻው የተከለለ ዱር አለ፤ ዊልደርነስ የሚባለው እሱ ነው። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1964 ነው (ቀንና ዓመት የምጠራው ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)፤ የፈረሙት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ናቸው። ረቂቁን የጻፈው ሃዋርድ ዛንኒዘር የሚባል ሰው ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ። ረቂቁ 66 ጊዜ ተቀይሯል። ስድሳ ስድስት ጊዜ! ታዲያ ሕጉ ሲፈረም ዛንኒዘር አልነበረም። ፊርማው አራት ወር ሲቀረው ሞተ። ይህን ሰው ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ያኔ 9 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ነበር የተከለለው፤ ዛሬ ከ111 ሚሊዮን ኤከር በላይ ነው። የኛው ኢንዲያን ፒክስ በ1978 የተጨመረ ነው፤ ከ76,000 ኤከር በላይ ይሆናል።

ሕጉ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው፦ ሰው እዚያ እንግዳ ነው፤ መጥቶ ይሄዳል እንጂ አይቀመጥበትም። ስለዚህ መንገድ አይሠራም፣ ቤት አይሠራም። መኪና አይገባም፣ ሞተር አይገባም፣ ብስክሌት እንኳን አይገባም። እኛም ሠራተኞቹ ሞተር አንጠቀምም። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። "ሰው የማይኖርበት ዱር" ሲባል ሰው ኖሮበት የማያውቅ እንዳይመስላችሁ። ዩት እና አራፓሆ የሚባሉ ሕዝቦች በእነዚህ ተራሮች ይኖሩ፣ ያድኑ፣ ይሻገሩ ነበር። አራፓሆዎቹ ወደ ዋዮሚንግና ወደ ኦክላሆማ ነው የተወሰዱት። ዛሬ ጫፎቹ አፓቺ፣ ናቫሆ፣ ፖኒ፣ ሾሾኒ እየተባሉ በነገዶች ስም ይጠራሉ። ስሙ ቀርቷል፤ ሰዎቹ ግን ተገፍተዋል። ቦታውን የሚወድ ሰው ይህንንም አብሮ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ጊች ላይ ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎች በ2016 ለፓርኩ ሲባል ወጥተዋል። እኛም አገር ያለ ጥያቄ ነው፤ ቀላል መልስም የለውም።

እሺ፤ ሁለተኛው። ሬንጀር ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ሬንጀር ሲባል ባርኔጣ ያደረገ፣ ፈረስ የተቀመጠ፣ ትኬት የሚጽፍ ሰው ነው የሚታየው። የኔ ሥራ ሌላ ነው። ጠዋት ሬዲዮ ከፍተን የት እንዳለንና ወዴት እንደምንሄድ እናሳውቃለን። ከዚያ እንሄዳለን። ሸክማችን ድንኳን፣ ምግብ፣ አካፋ፣ መጋዝና የቆሻሻ ከረጢት ነው። አብዛኛውን ሳምንት እዚያው ተራራ ላይ እናድራለን።

መጋዙን ላሳያችሁ፤ ይኼ በስክሪኑ ላይ ያለው ነው። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ የሚጎትተው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ መጋዝ። ክረምቱን ነፋስና በረዶ የጣለው ዛፍ መንገድ ላይ ይጋደማል። በሞተር መጋዝ ቢሆን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ግን ሞተር ክልክል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እንቀመጥና ግንዱን እናያለን። የት ጋ ተወጥሯል? የት ጋ ተጨንቋል? ሲቆረጥ ወዴት ይንከባለላል? ማን በየት ይሸሻል? ይህ ሳይታወቅ መጋዝ አይነሳም። ከዚያ እንጀምራለን። ሕጉ አንድ ነው፦ ጎትት እንጂ አትግፋ። ተራህ ሲደርስ ትጎትታለህ፤ ጓደኛህ ሲጎትት እጅህን ታላላለህ። ከገፋህ ብረቱ ይታጠፋል። ስለቱ በደንብ የተሳለ ከሆነ ከእንጨቱ የሚወጣው ዱቄት አይደለም፤ ረጃጅም፣ የተጠቀለለ፣ እርጥብ ፍቅፋቂ ነው። ሽታው ከእጄ አይለቅም ነበር። ግንዱ መሃሉ ሲቆረጥ ከላይ መዝጋት ይጀምርና መጋዙን ይነክሰዋል፤ ያኔ ከኋላ ሽብልቅ እንመታለን። ከዚያ ድምፁ ይቀየራል። አብሮኝ የሚሠራው ነባር ሬንጀር ድምፁን ሰምቶ ብቻ "አሁን እግርሽን ሰብስቢ" ይለኛል። ወዲያው ግንዱ ይወድቃል። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ጆሮ እንዲህ ነው።

ሌላው ሥራ የእሳት ምድጃ ማፍረስ ነው። ሰው ሐይቅ ዳር ድንጋይ ይከምራል፣ እሳት ያነዳል፣ ትቶት ይሄዳል። ቀጣዩ እዚያው ላይ ያነዳል። ከዚያ ያ ቦታ ለዘለዓለም የእሳት ቦታ ይሆናል። እኛ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ወደነበሩበት እንበትናለን፤ ጥላሸት የያዘውን ፊት ወደ መሬት አድርገን። አመዱን እንበትናለን። ፎይሉን፣ የጠርሙስ ስባሪውን፣ የተቃጠለ ቆርቆሮውን እንለቅምና በጀርባችን ተሸክመን እንወርዳለን። በመጨረሻ የረገፈ የጥድ ቅጠልና የደረቀ ጭራሮ እናለብሰዋለን። የሚቀጥለው ሰው ሲመጣ እሳት የነበረበት መሆኑን አያውቅም። አዎ፣ ሥራችን ከተሳካ ማንም አያየውም።

ስለ ሽንት ቤትም ልንገራችሁ፤ አትፈሩ። ዱር ውስጥ ሽንት ቤት የለም። ከውኃ 60 ሜትር ርቀህ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍረህ ትቀብራለህ፤ ወረቀቱን በላስቲክ ይዘህ ትመለሳለህ። ይህን የማያደርግ ሰው ስንት ነው መሰላችሁ? ሬንጀሩ ነው የሚቀብርለት። የተራራ ፍየሎች ደግሞ ጨው ስለሚወዱ ሰው የሸናበትን መሬት ቆፍረው ይልሳሉ፤ ሳሩንም ይነቅሉታል። ለዚህ ነው "ድንጋይ ላይ ሽኑ" ብለን የምንለምነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ከዛፍ መስመር በላይ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ከፍታ ላይ ግን፣ ክረምቱ ረጅም ነው፤ የእጅ መዳፍ የምታክል ተክል እዚህ ለመድረስ አሥርት ዓመታት ሊፈጅባት ይችላል። አንድ ጫማ ስንት ዓመት ይረግጣል? አስቡት።

ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ግን ምንድን ነው? ማውራት። በቃ፣ ከሰው ጋር ማውራት።

ኢንተርን ትኬት የመጻፍ ሥልጣን የለውም። ሥልጣን ያላቸውም ቢሆኑ መጀመሪያ የሚያስተምሩን ይህንን ነው፦ "ክልክል ነው" ብለህ አትጀምር፤ ቦታው ራሱ ምን እንደሚሆን ንገረው። ሰው ሕግ ሲጠቀስበት ይቆጣል። ሐይቁ ምን እንደሚሆን ሲነገረው ያዳምጣል። እኔ ይህ እውነት መሆኑን ያየሁት ኢዛቤል ሐይቅ ላይ ነው።

ከሰዓት በፊት ነው። ከሩቅ ጭስ ይሸተኛል። ጠጋ ስል አንድ የኛ ቤተሰብ! አባት፣ እናት፣ ሴት አያት፣ ሦስት ልጆች። ጀበና አለ፣ ሲኒ አለ፣ ቆሎ አለ። አባትየው ጭራሮ ለቅመው እሳት ሊያያይዙ ነው። ኢንዲያን ፒክስ በምሥራቅ በኩል እሳት ዓመቱን ሙሉ ክልክል ነው። ምን ልበል? ዩኒፎርም ለብሻለሁ። እኒህ ሰው አባቴን ይሆናሉ።

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ" አልኳቸው።

ደነገጡ። ከዚያ ሳቁ። "ውይ ልጄ! ሐበሻ ነሽ? ነይ ቡና ጠጪ፣ ነይ!"

"እጠጣለሁ፣ ጋሼ፤ ግን እሳቱን ልለምንዎ ነው የመጣሁት" አልኩ። ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። እዚህ ከፍታ ላይ ዛፍ በጣም በዝግታ ነው የሚያድገው፤ የወደቀው ጭራሮ በስብሶ አፈር ካልሆነ ሌላ አፈር የለም አልኳቸው። ከዚያ ኔደርላንድ ስለሚባለው ትንሽ ከተማ ነገርኳቸው። ከዚያ ሐይቅ ብዙም አይርቅም። በ2016 ሐምሌ ሁለት ካምፐሮች በደንብ ሳያጠፉ ጥለውት የሄዱት እሳት ተነሳና ስምንት ቤት በላ። ስምንት ቤተሰብ! ክፉ አስበው አይደለም። የጠፋ መስሏቸው ነው።

ጋሼ ጭራሮውን አስቀመጡት። አያትየዋ ናቸው የተናገሩት፦ "እሳትማ ወዳጅ የለውም፤ ተወው ልጄ።" እኔም ከቦርሳዬ ትንሿን የጋዝ ምድጃ አወጣሁ፤ እሷ ትፈቀዳለች። ጀበናው ላይዋ ተቀመጠ፤ አያትየዋ በእጃቸው ደግፈው ያዙት። ቡናው ፈላ። እስከ አቦል ቆየሁ፤ ለቶና ግን ጊዜ አልነበረኝም። ትልቁ ልጅ፣ አሥራ አራት ዓመት ይሆነዋል፣ እስከ ሐይቁ ጫፍ ሸኘኝ። "ይሄ ሥራ ነው? ይከፈልሻል?" አለኝ። "ይከፈለኛል" አልኩት። "ለኛም ይሆናል?" አለኝ።

ለኛም ይሆናል? ይህ ጥያቄ ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ።

ስለዚህ ሦስተኛው። እኛን ምን አገባን?

በመጀመሪያ እናቶች የምታስቡትን አውቃለሁ፤ እናቴም ብላኛለችና። "ያን ሁሉ ተምረሽ ጫካ ገባሽ? ድብ ቢበላሽስ?" አለችኝ። እናቴ እዚህ አለች፤ ትሰማኛለች። እማዬ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ያለው ጥቁር ድብ ነው፤ የሚፈልገው ምግባችንን ነው፤ ምግባችንን ደግሞ ድብ በማይከፍተው ጣሳ ቆልፈን ነው የምናድረው። እውነተኛው አደጋ መብረቅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ደመናው ድንገት ይከማቻል። ስለዚህ ጫፍ የሚወጣ ሰው ማልዶ ይነሳል፣ ከእኩለ ቀን በፊት ከዛፍ መስመር በታች ይወርዳል። ይህን ጽፋችሁ ያዙት፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትወጡ ይጠቅማችኋል። ሬዲዮ አለን፣ ጓደኛ አለን፣ ማታ ማታ ደህና መሆናችንን እናሳውቃለን።

ደግሞስ ተራራ ለኛ እንግዳ ነው እንዴ? ዴንቨር "ማይል ከፍታ" እያለች ትኩራራለች፤ 1,600 ሜትር ገደማ ነች። አዲስ አበባ ስንት ነች? ከ2,300 በላይ! የኮሎራዶ ትልቁ ተራራ ኤልበርት 4,401 ሜትር ነው። ራስ ዳሽን ይበልጠዋል። አባቶች፣ እናንተ በግ እየጠበቃችሁ የሮጣችሁበት ከፍታ ላይ እዚህ ሰው ኦክስጅን አጠረኝ ይላል።

ተራራ መጠበቅም ለኛ አዲስ አይደለም። አያቴ የመንዝ ሰው ናቸው። ልጅ ሆኜ ስለ ጓሳ ያወሩኝ ነበር፤ ያኔ ብዙም አላዳመጥኳቸውም። ኢንዲያን ፒክስ ከሠራሁ በኋላ ደውዬ እንደገና እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። ጓሳ ሜዳው ላይ የሚበቅለው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ ጌሳ ይሆናል። ታዲያ ሁሉም ሰው እንደፈለገ ቢያጭደው በአንድ ዓመት ያልቃል። ስለዚህ ሕዝቡ ራሱ ይዘጋዋል። መሪ ይመርጣል፤ በመሪው ቃል ሜዳው ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይከለከላል። ማንም አይገባም። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ያኔ ሁሉም በአንድ ቀን ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ይህ ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ አብዮቱ ድረስ ሠርቷል። ዛሬም ሕዝቡ በሌላ መልክ ይጠብቀዋል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እዚያ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። ዛንኒዘር ሕጉን ከመጻፉ ሦስት መቶ ዓመት በፊት ማለት ነው! "የነጭ ሥራ ነው" የምትሉኝ ልጆች፣ ይህን ስሙልኝ። በደማችን ያለ ሥራ ነው።

ሌላም አለ። ከቧንቧችሁ የሚወርደው ውኃ ከየት ይመጣል? አብዛኛው ተራራ ላይ የቀለጠ በረዶ ነው። የልጃችሁን ጡጦ የምታጥቡበት፣ እንጀራ የምታቦኩበት ውኃ ነው። እሳቱስ? በ2020 ጥቅምት ኢስት ትራብልሰም የተባለው እሳት ኢንዲያን ፒክስ ማዶ ተነሳና የአህጉሩን ውኃ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚከፍለውን የተራራ ጀርባ ዘሎ ተሻገረ። በ2021 ታኅሣሥ 30 ማርሻል ፋየር ከአንድ ሺህ በላይ ቤት አቃጠለ። ያን ቀን ጭሱን እዚህ ያላየ አለ? የለም። ተራራው የማይመለከተው የአውሮራ ነዋሪ የለም።

አሁን ደግሞ ጠባቂው እያነሰ ነው። ብሔራዊ ደኖችን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ የደን አገልግሎት ለ2025 ከእሳት ተከላካዮች በቀር የወቅት ሠራተኛ አልቀጥርም ብሎ በ2024 መስከረም አሳወቀ። በ2025 የካቲት ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ የተመለሱም አሉ። መንገድ የሚጠርገውና ሐይቅ ዳር ከሰው ጋር የሚያወራው ሰው ነው የቀነሰው። ጎብኚው ግን አልቀነሰም። ይህ ያሳስበኛል። በጣም ያሳስበኛል።

ወጣቶች፣ እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ። የፌዴራል ቅጥር ዜግነት ይጠይቃል፤ ማስታወቂያው ዩኤስኤጆብስ በሚባለው የመንግሥት የሥራ ድረ ገጽ ላይ ነው የሚወጣው፤ የሰመሩ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ከፎል፣ ማለትም ቅጠል ከሚረግፍበት ከመጸው ወቅት ጀምሮ ነው። ግንቦትን ከጠበቃችሁ አልፏችኋል። ሌላው መንገድ የተማሪዎች ማኅበራት ናቸው፤ ኤስሲኤ (የተማሪዎች የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር) የሚባለው ከ1957 ጀምሮ ወጣቶችን ወደ ፓርክና ደን ይልካል። አሜሪኮርፕስ በሚባለው የመንግሥት የበጎ አገልግሎት ፕሮግራም በኩል ከሆነ ግሪን ካርድ ያለውም ይገባል፤ ሲጨርስ ለትምህርት የሚሆን ገንዘብ ያገኛል። ሀብታም አያደርግም፤ አልዋሻችሁም። የኪስ ገንዘብና ማደሪያ ነው። በባዮሎጂ፣ በጂኦግራፊ፣ በነርሲንግ እንኳን ለሚማር ልጅ ግን ሲቪው ላይ ዋጋ አለው። እኔ የዱር የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ የተማርኩት እዚያ ነው።

ወላጆች፣ ለእናንተ ደግሞ ሥራ አልጠየቅኩም፤ አንድ ቅዳሜ ብቻ። አራተኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ በልጁ ስም ነፃ የፓርክ ፓስ ታገኛላችሁ፤ ቤተሰቡ በሙሉ በእሱ ይገባል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥም የስቴት ፓርክ ፓስ ከነቦርሳው እንደ መጽሐፍ ይዋሳል። ቡናችሁን ያዙ፤ የጋዝ ምድጃ አትርሱ። ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 ኢንዲያን ፒክስ ለማደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ውሎ ለመመለስ ግን አያስፈልግም። ብሬናርድ ሐይቅ በኩል ለመኪና ማቆሚያ አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ቦታ ያዙ፤ ቅዳሜ ቶሎ ይሞላል።

እኔ እዚያ ጥግ ጠረጴዛው ጋ ላፕቶፕ ይዤ እቀመጣለሁ። ማመልከቻ መጀመር የሚፈልግ ልጅ ይምጣ፤ አብረን ዛሬውኑ እንከፍተዋለን። ሬዙሜ የሌለው አብረን እንጽፋለን። ጥያቄ ያላችሁ እናቶች ደግሞ ማይኩን ከእህታችን ተቀበሉ። እሺ፣ እዚያ ጋ እጅ ያነሱት እናት ይጀምሩ።